ሰርቨሩ አለ፣ ቪኤሞቹ ግን የሉም

ይህ ጉዳይ የገጠመኝ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ ቤት ነው። የቤቱን ስም አልጠራም። ሥራውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ የሆነውንም እንዳለ እጽፈዋለሁ።

በሊኑክስ ላይ ቨርቹዋል ማሽን (ባጭሩ ቪኤም፣ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) መጫን ዛሬ ብዙ ሰው የሚችለው ሥራ ሆኗል። ማሽኑ ይነሳል፣ ዊንዶውሱ ይከፈታል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ጣጣው የሚመጣው ያ ማሽን ከቢሮው ሰው ጋር ይገናኝ ሲባል ነው። እዚያ ላይ ትእዛዝ ከመጻፍ በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። ፓኬቱ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚጓዘው የመረጃ ጥቅል፣ ከየት ተነስቶ፣ በየት አልፎ፣ የት ይደርሳል? እኔ ይህን ጥያቄ ዘግይቼ ነው የጠየቅኩት። ዘግይቼ በመጠየቄም ሰው ሥራ ፈትቷል።

ቤቱ ከታች መጋዘን፣ ከላይ ቢሮ ነው። ላይ ሦስት የሒሳብ ሠራተኞችና አንዲት ገንዘብ ያዥ አሉ። ታች ሁለት ልጆች ዕቃ ያስገባሉ፣ ያስወጣሉ። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከዚህ በፊት ሒሳቡ የሚሠራው በአንድ ያረጀ ዴስክቶፕ ላይ በተጫነ ፒችትሪ የተባለ የሒሳብ ፕሮግራም ነበር። ሌላ ያረጀ ዴስክቶፕ ደግሞ የቤቱን ፋይል ሁሉ ይዟል። መብራት በሄደ ቁጥር ከሁለቱ አንዱ አይነሳም። ጋሼ በመጨረሻ ተማረሩና አንድ ደህና ሰርቨር ከነዩፒኤሱ ገዙ። «ሁለቱንም እዚህ ላይ አድርግልኝ ልጄ፣ ከእንግዲህ ሲስተም የለም የሚባል ነገር መስማት አልፈልግም» አሉኝ።

ሰርቨሩ ላይ ኡቡንቱ 22.04 የተባለውን ሊኑክስ ጫንኩ። ለቨርቹዋል ማሽን የመረጥኩት ኬቪኤምን ነው። ኬቪኤም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል (የስርዓቱ እምብርት) አካል ነው፣ የተለየ ክፍያም የለውም። የሚያስተዳድረው ሊብቨርት ነው። በላዩ ሁለት ቪኤም አቆምኩ፤ አንዱ ዊንዶውስ ከነፒችትሪው፣ ሌላው የጋራ ፋይል የሚቀመጥበት ኡቡንቱ። ሁለቱም በአንድ ከሰዓት አለቁ። ሁለቱም ኢንተርኔት ያገኛሉ። እኔም ሥራው ያለቀ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከሒሳብ ሠራተኞቹ አንዷ ደወለችልኝ። «ፒችትሪው አይታይም። አንተ አለ ትላለህ፣ እኛ ጋ ግን የለም።»

የፖስታ ሳጥኑ ነገር

ሊብቨርት ሲጫን ዲፎልት የሚባል ኔትወርክ ይዞ ይመጣል። ሆስቱ ላይ፣ ማለትም ቪኤሞቹን በሚሸከመው ሰርቨር ላይ፣ ቪርብር0 የምትባል ብሪጅ (በሶፍትዌር የተሠራ የኔትወርክ ማገናኛ) ያቆማል፣ ለራሱ 192.168.122.1ን ይይዛል። ለቪኤሞቹ ደግሞ ከ192.168.122.2 እስከ 192.168.122.254 ካለው ላይ አድራሻ ያድላል። የሚያድለው ዲኤንኤስማስክ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ወደ ውጭ ሲወጡ ሆስቱ አድራሻቸውን በራሱ አድራሻ ይተካል። ይህ ነው ኤንኤቲ የሚባለው።

ለጋሼ ያስረዳኋቸው በፖስታ ሳጥን ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አንድ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ብቻ አለው እንበል። ሠራተኛው ደብዳቤ ሲልክ በመሥሪያ ቤቱ ሳጥን ቁጥር ይልካል። ጸሐፊዋ ማን እንደላከ መዝግባለች፤ ስለዚህ መልስ ሲመጣ ለባለቤቱ ትሰጠዋለች። ከውጭ ያለ ሰው ግን ለዚያ ሠራተኛ በራሱ ተነሳስቶ ይጻፍለት ቢል በምን አድራሻ? ሠራተኛው የራሱ ሳጥን የለውም። ቪኤሞቹ ኢንተርኔት የሚያገኙት፣ የቢሮው ሰው ግን የማያገኛቸው ለዚህ ነው። የቢሮው ኔትወርክ 192.168.1 ነው፤ 192.168.122 የሚባል አገር መኖሩን አያውቅም። መንገዱን ራውተሩ ላይ ብነግረው እንኳ ሊብቨርት በራሱ የፋየርዎል (የኔትወርክ በር ጠባቂ) ሕግ ከውጭ የሚጀመረውን ግንኙነት ይመልሰዋል።

ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ፖርት ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ሆስቱ ላይ በአንድ የበር ቁጥር የመጣውን ወደ ቪኤሙ መምራት ማለት ነው። ለአንድ ዌብሳይት ቢሆን ያስኬዳል። ፒችትሪ ግን የጋራ ፎልደር ይፈልጋል፣ የራሱ የዳታቤዝ ሞተርም አለው፣ ያም የራሱን ፖርት ይጠይቃል። አንዱን ከፍቼ ሌላውን ስፈልግ እንደምውል ገባኝና ተውኩት።

ማክቪታፕ የሚባል ሌላ መንገድም አለ። ቪኤሙን በቀጥታ በኔትወርክ ካርዱ ላይ ያስቀምጠዋል፣ አሠራሩም አጭር ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው። በዚህ መንገድ የገባ ቪኤም ከቢሮው ሁሉ ጋር ሲነጋገር ከገዛ ሆስቱ ጋር አይነጋገርም። እኛ ቤት ሌሊት ሌሊት ባክአፕ የሚወስደው ሆስቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ይህም ቀረ።

የቀረው ብሪጅ ነው። ድልድይ ሲባል የባሕር ዳር ሰው ቶሎ የሚመጣለት ዓባይ ነው፤ ሁለት ዳር፣ አንድ መንገድ። የሊኑክስ ብሪጅ ግን እንደዚያ አይደለም። ሆስቱ ውስጥ የተቀመጠ ስዊች (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኝ ሳጥን) ነው ብሎ ማሰብ ይሻላል። አንዱ ቀዳዳ ላይ እውነተኛው የኔትወርክ ካርድ ይሰካል፣ የእኛው ኢኖ1 ይባላል። ሌሎቹ ቀዳዳዎች ላይ የቪኤሞቹ ገመዶች ይሰካሉ፣ ቪኔት0፣ ቪኔት1 እያሉ። እነዚያ ገመዶች በዓይን አይታዩም እንጂ ሥራቸው ልክ እንደ ገመድ ነው። ከዚያ በኋላ ቪኤሙ ከማንኛውም የቢሮ ኮምፒውተር አይለይም፣ አድራሻውም 192.168.1 ላይ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ነጥብ አለች። ኢኖ1 ብሪጁ ላይ ከተሰካ በኋላ የሆስቱ አይፒ አድራሻ መቀመጥ ያለበት በብሪጁ ላይ ነው። ኢኖ1 ባዶውን ይቀራል። ከዚህ በኋላ ካርዱ የስዊች ቀዳዳ ነው፣ ቀዳዳ ደግሞ አድራሻ አያስፈልገውም።

በዚያው ሰሞን ጋሼ ሰርቨሩን ወደ ኋላ ክፍል ላዛውረው ብለው ነበር። እዚያ ገመድ አልተዘረጋም፣ «በዋይፋይ ይሁን» አሉ። አይሆንም አልኳቸው። ዋይፋይ ላይ አክሰስ ፖይንቱ (ዋይፋዩን የሚያሠራጨው መሣሪያ) የሚቀበለው ተመዝግቦ የገባውን የማክ አድራሻ፣ ማለትም የኔትወርክ ካርድ መለያ፣ ብቻ ነው። ከብሪጁ ጀርባ ያሉት ቪኤሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ማክ አላቸው፤ የኬቪኤም ከሆነ 52፡54፡00 ብሎ ይጀምራል። አክሰስ ፖይንቱ ደግሞ አያውቃቸውም፣ ስለዚህ ይጥላቸዋል። ሰርቨሩ ገመድ ባለበት ቀረ።

ከፖሊ እስከ ጣና ዳር በባጃጅ

ብሪጁን የሠራሁት ማታ ነው፣ ቢሮው ከተዘጋ በኋላ። ቤቴ ፖሊ ግቢ አካባቢ ነው። ከቤት ሆኜ በቪፒኤን (ከሩቅ ወደ ቢሮው ኔትወርክ በሚያስገባ ዝግ መንገድ) ገባሁ። ቪፒኤኑ የሚያልቀው እዚያው ሰርቨር ላይ ነው፤ ራውተሩ ከውጭ የሚመጣውን ወደ 192.168.1.10 ያስተላልፋል። ሰርቨሩ ያንን አድራሻ የሚያገኘው ከራውተሩ ነበር። በማክ አድራሻው ተመዝግቦ ተይዞለታል።

ኡቡንቱ ላይ ኔትወርክ የሚጻፈው በኔትፕላን ፋይል ነው። ቢአር0 የምትባል ብሪጅ ጻፍኩ፣ ኢኖ1ን ከሥሯ አደረግኩ፣ አድራሻዋን ከራውተሩ እንድትወስድ አዘዝኩ። ኤስቲፒ የሚባለውን አጠፋሁ፣ የመጠበቂያ ጊዜውንም ዜሮ አደረግኩ። ኤስቲፒ የሚጠቅመው ስዊቾች እርስ በርስ ዞረው ሲገናኙ ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ከተተወ ግን አንድ ቪኤም በተነሳ ቁጥር ቀዳዳው 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ ሌላ 15 ሰከንድ ይማራል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚያሳልፈው።

ኔትፕላን ትራይ የሚባል ጥሩ ትእዛዝ አለው። አዲሱን ቅንብር ይሞክራል፣ በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላረጋገጥክለት ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ከሩቅ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ነፍስ አድን ነው። ሞከርኩት፣ እምቢ አለኝ። ለካስ ብሪጅ ላይ እንደ ኤስቲፒ ያለ የተለየ ቅንብር ካለ መመለስ ስለማይችል አይሞክረውም፤ በጥንቃቄ አይተህ በቀጥታ አፕላይ (ተግብር) በል ይልሃል። ፋይሉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምንም ስህተት አላየሁም። አፕላይ አልኩ።

ሰርቨሩ የውሃ ሽታ ሆነ።

አንድ ደቂቃ ጠበቅኩ። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። ኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከሩቅ ማዘዣው) የለም፣ ቪፒኤን የለም። ለጥበቃው ደወልኩና ባጃጅ ያዝኩ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቢሮው ውስጥ መብራት ስናበራ የሐይቁ ትንኝ ተከትሎን ገባ። ሞኒተርና ኪቦርድ ሰክቼ ሳይ ሰርቨሩ ምንም አልሆነም። ብሪጁ ተነስቷል። ኢንተርኔት አለው። አድራሻው ግን 192.168.1.10 መሆኑ ቀርቶ 192.168.1.137 ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲሱ ኡቡንቱ ብሪጅ ሲፈጥር የካርዱን ማክ አድራሻ አይወስድም። ከማሽኑ መለያ ቁጥርና ከብሪጁ ስም ተነስቶ የራሱን ማክ ይሠራላታል። ራውተሩ ደግሞ 192.168.1.10ን ያስቀመጠው ለካርዱ ማክ ነው። አዲሷን እንግዳ አላወቃትም፣ ለማንም ከሚያድለው አድራሻ አንዱን ሰጣት። ቪፒኤኑም ማንም በሌለበት ቤት ደጅ ሲያንኳኳ ቆየ። ሰርቨሩ ወደቀ ብዬ መጣሁ እንጂ ወድቆ አልነበረም። ቤት ቀይሮ ነው።

ያን ማታ 192.168.1.10ን ራሱ ቢአር0 ላይ በቋሚነት ጻፍኩት። ለቪኤሞቹም 192.168.1.21ና 192.168.1.22ን ሰጠሁ። ራውተሩ የሚያድለው ከ100 እስከ 200 ያለውን ስለሆነ አይጋጩም። አድራሻው ከራውተር እንዲመጣ የሚፈልግ ሰው በፋይሉ ውስጥ ለብሪጁ የካርዱን ማክ መጻፍ ይችላል፣ ያም ይሠራል።

ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ሆኜ ብሪጅ ስነካ አንድ ነገር አስቀድማለሁ። የድሮውን ፋይል ቅጂ አስቀምጣለሁ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ቅጂውን ወደ ቦታው መልሶ ማሽኑን ዳግም የሚያስነሳ ትእዛዝ ከጀርባ አስነሳለሁ። ከዚያ አፕላይ እላለሁ። ከገባሁ ትእዛዙን እሰርዘዋለሁ። ካልገባሁ 10 ደቂቃ ሻይ እየጠጣሁ እጠብቃለሁ።

በማግስቱ ፒችትሪው በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ተከፈተ። አምስት ሳምንት ያለ እንከን ሠራ።

ሰኔ 27

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ሰኔ መጨረሻ ነው፣ ሒሳብ የሚዘጋበት ሰሞን። ባሕር ዳር ላይ ሌሊቱን ዶፍ ዘንቧል፣ መብራትም ሄዶ መጥቷል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ፒችትሪ የለም። የጋራ ፋይሉም የለም።

ስደርስ ሦስቱም የሒሳብ ሠራተኞች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ጋሼ ምንም አላሉኝም፤ ዝምታቸው ከቁጣ ይከብድ ነበር። ሁሉም ሰው ጥፋቱን በመብራቱ ላይ አድርጓል። እኔም አደረግኩ። ስዊቹ ተመቶ ይሆናል አልኩ። ቀዳዳ ቀየርኩ፣ ኬብል ቀየርኩ፣ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲሁ ሄደ። ያ ሁለት ሰዓት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ምክንያቱም መልሱ ፊቴ ላይ ነበር፤ ከቢሮው ኮምፒውተር ወደ ሰርቨሩ ፒንግ (አለህ ወይ የሚል ጥያቄ) ሳደርግ ይመልሳል። ስዊቹ ወይም ኬብሉ ቢበላሽ ኖሮ ሰርቨሩም አይመልስም ነበር።

ተቀመጥኩና ወረቀት አወጣሁ። የሚሠራውንና የማይሠራውን ለየሁ።

ከቢሮ ወደ ሆስቱ ይሠራል። ከሆስቱ ወደ ቢሮ ይሠራል። ከሆስቱ ወደ ሁለቱም ቪኤሞች ይሠራል። የሌሊቱ ባክአፕም ሳይቀር ተወስዷል። ከቢሮ ወደ ቪኤም ግን አይሠራም። ከቪኤም ወደ ቢሮም፣ ወደ ራውተርም አይሠራም። እርስ በርሳቸውም ቪኤሞቹ አይተያዩም።

ቪኤሞቹ በሕይወት አሉ ማለት ነው። ገመዳቸውም ተሰክቷል። ሆስቱ እኮ ያገኛቸዋል! የሞተው በብሪጁ ውስጥ ከአንድ ቀዳዳ ወደ ሌላ ቀዳዳ የሚያልፈው ነገር ብቻ ነው።

ከዚያ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አየሁ። ከቢሮው ኮምፒውተር የኤአርፒ መዝገቡን ስከፍት 192.168.1.21 እዚያው አለ፣ ከነማክ አድራሻው፣ 52፡54፡00 ብሎ የሚጀምር። ኤአርፒ ማለት በአንድ ኔትወርክ ላይ «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ የሚጣራው ነው። ኮምፒውተሩ ተጣርቷል፣ ቪኤሙም አቤት ብሏል። ጥሪው ያልፋል፣ ፒንጉ ግን አያልፍም። በአንድ ገመድ፣ በአንድ ብሪጅ። ገመድ ቢበጠስ ሁለቱም ይቀራሉ። አንዱን እያሳለፈ ሌላውን የሚያስቀር ነገር ካለ ደግሞ መርጦ የሚጥል ሰው በር ላይ ቆሟል ማለት ነው።

የሚያልፈውን ፓኬት የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕን በሁለት መስኮት ከፈትኩ። አንዱ ኢኖ1ን ያያል፣ ሌላው የዊንዶውሱን ገመድ ቪኔት0ን። ከቢሮው ኮምፒውተር ፒንግ አስጀመርኩ። ኢኖ1 ላይ ጥያቄው በየሰከንዱ ይገባል። ቪኔት0 ላይ ምንም የለም። ፓኬቱ ሰርቨሩ ደጃፍ ድረስ ይመጣል፣ ከዚያ ውሃ እንደበላው ቅል ይቀራል።

መርጦ የሚጥል ነገር ሆስት ላይ አንድ ነው፤ ፋየርዎሉ። የአይፒቴብልስን፣ ማለትም የሊኑክስ ፋየርዎል ማዘዣውን፣ የፎርዋርድ ሰንሰለት (በሆስቱ በኩል የሚያልፈውን የሚመለከቱ ሕጎች ዝርዝር) ከነቆጣሪው አየሁ። ፖሊሲው ድሮፕ (ጣል) ይላል። ከጎኑ ያለው ቁጥር በእያንዳንዱ ፒንግ አንድ አንድ ይጨምራል። ክው አልኩ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፍኩም። ትንሽ ወረድ ብዬ ሳነብ የዶከር ስም ያለባቸው ሰንሰለቶች ተደርድረዋል።

በዋዜማው ማታ መጋዘን የሚሠራው ልጅ የካሜራ ቀረጻ የሚይዝ ፕሮግራም ለመጫን ብሎ ሰርቨሩ ላይ ዶከር (ፕሮግራሞችን በየራሳቸው ክፍል ለይቶ የሚያስኬድ መሣሪያ) ጭኖ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ኮምፒውተር ይወዳል፣ የይለፍ ቃሉንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዶከር ሲነሳ የሆስቱን የፓኬት ማስተላለፊያ ራሱ ከከፈተ የፎርዋርድ ፖሊሲውን ድሮፕ ያደርጋል። ይህ የታወቀ አሠራሩ ነው። ሆስቱን ማንም እንደ መተላለፊያ እንዳይጠቀምበት ብሎ ነው የሚዘጋው፣ ሐሳቡም ትክክል ነው። ግን የብሪጅ ትራፊክ ከአይፒቴብልስ ጋር ምን አገናኘው? ስዊች ውስጥ ያለ ነገር እኮ ነው።

የሚያገናኛቸው ቢአር-ኔትፊልተር የሚባል የከርነል ሞጁል ነው። ይህ ሞጁል ከተጫነ በብሪጅ ውስጥ የሚያልፍ የአይፒ ፓኬት ሁሉ በአይፒቴብልስ በኩል እንዲፈተሽ ይደረጋል። በእኛ ማሽን ላይ ዶከሩ ከመጣ በኋላ ሞጁሉ ተጭኖ አገኘሁት፣ ቅንብሩም 1 ይላል፣ ይፈተሽ ማለት ነው። እንግዲህ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ኤአርፒ የአይፒ ፓኬት ስላልሆነ አይፒቴብልስ አያየውም፣ ያልፋል። ፒንግ አይፒ ነው፣ ይጣላል። ሆስቱ ከቪኤሞቹ ጋር የሚነጋገረው ግን በፎርዋርድ በኩል ስላልሆነ አይነካም። የሚገባው በኢንፑት፣ የሚወጣው በአውትፑት ነው። ባክአፑ ሌሊት ያለ ችግር የተወሰደውም ለዚህ ነው። ዝናቡም መብራቱም በነገሩ የሉበትም።

ለጊዜው ያደረግኩት አንድ መስመር ነው። ዶከር ለሰው ሕግ ብሎ የሚተወው ዶከር-ዩዘር የተባለ ሰንሰለት አለ። እዚያ ላይ ከቢአር0 ገብቶ በቢአር0 የሚወጣ ይለፍ የሚል ሕግ ጨመርኩ። የመጨረሻዋን ፊደል መትቼ ሳልጨርስ «መጣ!» የሚል ድምፅ ከሒሳብ ክፍል ሰማሁ። አምስት ሰዓት ከሩብ ነበር።

ይህ ሕግ ማሽኑ ሲጠፋ ይጠፋል። እንዲቆይ ሌላ ሥራ ይጠይቃል። ሌላው መንገድ ያንን 1 ወደ 0 መቀየር ነው። ብሪጁ ከፋየርዎሉ ነፃ ይወጣል፣ ብዙ ሰውም ይህን ይመርጣል። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቅንብሩ የሚኖረው ሞጁሉ ካለ ብቻ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ቅንብሮች የሚነበቡት ሞጁሉ ሳይጫን በፊት ከሆነ 0 ያልከው ቦታ አያገኝም። በኋላ ዶከር ሲነሳ ሞጁሉ ይመጣል፣ ከነ1 ይመጣል። ዛሬ ሠርቶ መብራት በሄደ ማግስት የሚበላሽ ጥገና ማለት ይህ ነው። እዚህ ከተማ ደግሞ መብራቱ መሄዱ አይቀርም። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ሞጁሉን ራሱ ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ እንዲጫን ማዘዝ አለበት።

እኔ ሁለቱንም አልመረጥኩም። ዶከሩ ከሆስቱ ይውጣ አልኩ። የካሜራው ፕሮግራም የራሱ ቪኤም ይኑረው፣ ዶከሩም እዚያ ውስጥ ይኑር። ፋየርዎሉን እንደፈለገው ቢዘጋ የሚዘጋው የራሱን ቤት ነው። በእኔ እምነት ቪኤሞች የሚሸከም ሆስት ከዚያ ሌላ ሥራ ሊሰጠው አይገባም። ልጁ መጀመሪያ አዝኖ ነበር፣ ያበላሸ መሰለው። ቁጭ ብለን ሁለቱን የቲሲፒደምፕ መስኮቶች አሳየሁት። ፓኬቱ የት ድረስ እንደሚመጣና የት እንደሚቀር በዓይኑ አየ። «እኔ እኮ ኢንተርኔቱን ብቻ ነበር የማየው፣ እሱ ሲሠራ ሁሉም ይሠራል ብዬ» አለኝ። እኔም መጀመሪያ ቀን ያሰብኩት ይህንኑ ነበር።

መንትዮቹ

ሦስተኛውን ቪኤም ከባዶ አልሠራሁትም። የፋይሉን ኡቡንቱ ገልብጬ ስሙን ቀየርኩ። ሊብቨርት አዲስ ማክ ሰጠው። ለጊዜው ነው ብዬ አድራሻውን ከራውተሩ እንዲወስድ አደረግኩት። ልጁም ለልምምድ ብሎ ያንኑ ሌላ ጊዜ ገለበጠው። ሁለቱ ቅጂዎች ሲነሱ ሁለቱም 192.168.1.112 ብለው ተነሱ። አንዱ ሲገኝ ሌላው ይጠፋል።

ማካቸው ይለያያል፣ ታዲያ ለምን? ኡቡንቱ ሰርቨር አድራሻ ሲጠይቅ ራሱን የሚያስተዋውቀው በማክ ሳይሆን ከማሽን መለያው በተሠራ መታወቂያ ነው። መለያው ሲጫን አንድ ጊዜ የሚጻፍ ፋይል ነው፤ ዲስኩ ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣል። ራውተሩ ሁለቱን እንደ አንድ ሰው ቆጠራቸው። መለያውን ባዶ አድርጎ ማሽኑን ዳግም ማስነሳት ይበቃል፣ አዲስ ይሠራለታል። ከመገልበጥ በፊት ቢደረግ ደግሞ የተሻለ ነው። የካሜራው ማሽን አሁን 192.168.1.23ን በቋሚነት ይዟል። የልምምዱን ቅጂ አጠፋነው።

ሰኔ 29 ማታ ሆስቱን አጥፍቼ አስነሳሁት። ዶከሩ ከሆስቱ ስለወጣ የፎርዋርድ ፖሊሲው ወደ አክሴፕት (ይለፍ) ተመልሷል። ሦስቱም ቪኤሞች በራሳቸው ተነሱ። ከቢሮ ወደ እያንዳንዳቸው፣ ከእያንዳንዳቸው ወደ ራውተር፣ እርስ በርሳቸው፣ ከሆስቱም ወደ ሁሉም ፒንግ አደረግኩ። በማግስቱ ሒሳቡ ተዘጋ።

አንድ ያልጨረስነው ነገር አለ። ካሜራዎቹና ሒሳቡ አሁንም በአንድ ኔትወርክ ላይ ናቸው። ካሜራዎቹ ርካሽ ናቸው፣ የይለፍ ቃላቸውም ደካማ ነው። አንዱ ቢሰበር ወደ ፒችትሪው የሚያግደው የለም። መፍትሔው ቪላን ነው፤ በአንዱ ገመድ ላይ ሁለት የተለያዩ ኔትወርኮችን ማስኬድ። ሆስቱ በኩል ዝግጁ ነው፣ የሊኑክስ ብሪጅ ቪላንን ያውቃል። ቢሮው ውስጥ ያለው ስዊች ግን ሰክቶ መጠቀም ብቻ የሚቻልበት ዓይነት ነው፣ ቪላን ለይቶ አይሰጥም። ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። «ክረምቱ ይውጣና እንገዛዋለን» ብለውኛል። እስከዚያ የካሜራዎቹን የይለፍ ቃል ቀይረናል፣ ከኢንተርኔትም ራውተሩ ላይ ቆርጠናቸዋል።